የማኅበር መሪዎችን ማሠልጠን፦ ከቃለ ጉባኤ መዝገብ የሚጀምር መመሪያ ለጎጃም አዘጋጆች

በጎጃም ከተሞች ለማኅበራትና ለግብረ ሠናይ ድርጅቶች መሪዎች የሚሰጠው ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። አዳራሽ ይከራያል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ከሩቅ የመጣ አሠልጣኝ ስለ ውጤታማ መሪ ባሕርያት ስላይድ በስላይድ እያለፈ ያስረዳል፤ አበል ተፈርሞ፣ ምስክር ወረቀት ታድሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሁሉም ወደየመጣበት ይበተናል። ከጥቂት ወራት በኋላ የማኅበሩን ቢሮ አንኳኩተው ቢገቡ ግን ቃለ ጉባኤው እንደ ድሮው ነው፤ የገንዘብ መዝገቡ ከባንኩ ጋር አይገጥምም፤ ሰብሳቢውና ሥራ አስኪያጁም በማን ሥልጣን ላይ እንደሚከራከሩ አሉ።

ከዚህ በታች የማቀርበው አካሄድ ሠልጣኙ የራሱን ማኅበር ወረቀት ይዞ እንዲመጣና ሥልጠናው በዚያው ወረቀት ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ነገሩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዲማ፣ በዋሸራ ወይም በጎንጅ የቅኔ ተማሪ መምህሩን ሲያደንቅ ውሎ አይመረቅም፤ መንገዱን ካየ በኋላ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቆጥራል። የማኅበር መሪም እንዲሁ በራሱ ሥራ ላይ ሲታረም ነው የሚማረው።

መመሪያው የተጻፈው ሥልጠና ለማዘጋጀት ለተነሣ ሰው ነው፦ ለዞን ባለሙያ፣ ለማኅበራት ኅብረት፣ ለለጋሽ ድርጅት አስተባባሪ፣ ወይም አባላቱን ማጠናከር ለሚፈልግ የአንድ ማኅበር ሰብሳቢ።

1. ከአንድ ማኅበር ሦስት ሰው ይጥሩ

ከእያንዳንዱ ማኅበር የቦርድ ሰብሳቢው፣ ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ያዡ ወይም ሒሳብ ሹሙ አብረው ይምጡ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከሠለጠነ ተመልሶ ለሰብሳቢው ማስረዳት አለበት፤ ሰብሳቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ቄስ ወይም የከተማው የተከበረ ነጋዴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ «አባታችን፣ ይህ እኮ በደንባችን መሠረት የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ለመናገር ይቸገራል፤ ቢናገርም «ልጄ፣ እኔ ሳላየው ከዚህ ቤት ወረቀት አይወጣም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰሙ ማንም ለማንም መልእክተኛ መሆን አይኖርበትም።

በአንድ ዙር ከ7 ወይም ከ8 ማኅበር በላይ አይጥሩ። 24 ሰው ማለት ነው፤ አሠልጣኙ የሁሉንም መዝገብ ገልጦ ለማየት የሚችለው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው። የጥሪ ደብዳቤው ላይ «ከሦስቱ አንዱ ካልተገኘ ማኅበሩ በሚቀጥለው ዙር ይጠራል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስገቡ። ተወካይ መላክ የለመደ ቤት መጀመሪያ ያኮርፋል፤ ከዚያ ይመጣል።

ከመጥራትዎ በፊት ማኅበራቱ በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደሩ ይለዩ። በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ክልሎች የሚሠሩ፣ የውጭ አገር ድርጅቶች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተመሠረቱ ድርጅቶች የሚመዘገቡት በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር በክልሉ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት በኩል ይሄዳል። ዕድርና ዕቁብ ከፌዴራሉ አዋጅ ውጭ ናቸው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ የራሳቸው አዋጅ አላቸው፣ ቁጥር 985/2009። እነዚህን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ ስለ ሕግ ማስተማር ግማሹን ሰው በማይመለከተው ነገር ማሰልቸት ነው። ዕድሮችን ማሠልጠን ከፈለጉ ለብቻቸው ያድርጉት፤ የቃለ ጉባኤና የመዝገብ አያያዙ ክፍል እንዳለ ይጠቅማቸዋል።

2. መጠይቅ ከመበተን ይልቅ አራት ወረቀት ይጠይቁ

የሥልጠና ፍላጎት ዳሰሳ ሲባል የተለመደው መጠይቅ መበተን ነው። «በየትኛው ርእስ ላይ ሥልጠና ይፈልጋሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ «ፕሮፖዛል አጻጻፍ» ብሎ ይመልሳል፤ ገንዘብ የሚያመጣ ስለሚመስለው። አልፈርድበትም፤ ግን ቤቱ ውስጥ የጎደለውን በዚህ አያገኙትም።

ከሥልጠናው ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ማኅበሩ ቢሮ ድረስ ይሂዱና አራት ነገር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፦ መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃለ ጉባኤዎች፣ የመጨረሻውን ወር የባንክ ስቴትመንት ከገንዘብ መዝገቡ ጋር፣ እና ለመዝጋቢው ወይም ለለጋሹ የተላከውን የመጨረሻ ሪፖርት። አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። «ልንፈትሽ መጣን» የሚል ድምፀት ያለው ጥያቄ በር ያዘጋል። ስልክ የሚደውሉት መጀመሪያ ለሰብሳቢው ይሁን፤ ወረቀቶቹ ለልምምድ እንደሚፈለጉ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የሰው ስምና የሒሳብ ቁጥር እንደሚሸፈን፣ ከአዳራሹም እንደማይወጣ ይንገሩት። ቃልዎንም ይጠብቁ።

ወረቀቶቹ በራሳቸው ይናገራሉ። ደንቡ ከመሳቢያ ሳይሆን ከሰብሳቢው ቤት የሚመጣ ከሆነ ሥራ አስኪያጁ አንብቦት አያውቅም ማለት ነው። የባንክ ስቴትመንቱ ከታተመ ስድስት ወር ካለፈው ማንም ሒሳብ አያስታርቅም፤ የባንኩንና የመዝገቡን ቁጥር የሚያመሳክር የለም ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ግን ቃለ ጉባኤው ነው። ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «በአጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ስምምነት ላይ ተደርሷል።» ምን ላይ ተስማሙ? ማን ይሠራዋል? እስከ መቼ? ስንት ብር? ዐረፍተ ነገሩ ያማረ ነው፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ከሥሩ አምስት ፊርማ አለ፤ ምልዓተ ጉባኤው ስንት እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ ገጽ ማስታወሻ ይያዙ። ያ ገጽ የሥልጠናው ይዘት ምንጭ ነው፤ ሥልጠናው ሲያበቃም የተለወጠውንና ያልተለወጠውን የሚያዩት በእርሱ ነው።

3. ይዘቱን ከመጨመር መቀነስ ይበልጣል

ሦስት ርእስ ይበቃል፦ ማን ምን ይወስናል፣ ገንዘብ እንዴት ይያዛል፣ ለሕጉና ለአባላት እንዴት ሪፖርት ይደረጋል። ስትራቴጂያዊ ዕቅድ፣ የግጭት አፈታት፣ የሥርዓተ ፆታ አካታችነት፣ የፕሮጀክት ዑደት፣ ገቢ ማሰባሰብ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጊዜ ያላቸው ቁም ነገሮች ናቸው። ሁሉንም በሦስት ቀን የሚያጭቅ መርሐ ግብር ግን ለለጋሹ ሪፖርት ያምራል እንጂ ለሠልጣኙ ምንም አያስጨብጥም። ገንዘቡን የሚሰጠው አካል «ይህም ይግባ፣ ያም ይግባ» ካለ አራቱን ወረቀቶች አሳይተው ይከራከሩት። ስለ ፕሮፖዛል የሚጠይቅ ሠልጣኝም ሒሳቡ ያልተስተካከለ ማኅበር ፕሮፖዛሉ ቢያምር እንኳ ከለጋሹ የማጣራት ሂደት እንደማያልፍ በግልጽ ይነገረው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ የሥልጠና ሰነድ አይዋሱ። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የተዘጋጁ ጥራዞች እስከ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ በእነርሱ ምክንያት «ሰባ ሠላሳ» የሚለው ሕግ (ቢያንስ ሰባ በመቶ ለዓላማ ማስፈጸሚያ፣ ቢበዛ ሠላሳ በመቶ ለአስተዳደር) አሁንም የሚሠራ የሚመስለው መሪ ብዙ ነው። ያ አዋጅ ተሽሯል። በ1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከውጭ ምንጭ የሚገኝ ገቢን በ10 በመቶ የሚገድበው የአሮጌው አዋጅ ድንጋጌም አብሮ ቀርቷል።

4. ቀኑንና ቦታውን በአገሩ ልክ ይምረጡ

ብዙ ሥልጠና የሚበላሸው ከይዘቱ በፊት በቀን አመራረጡ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አዝመራ ይሰበሰባል፤ የገጠር ቀበሌ ማኅበር መሪ ጤፉ አውድማ ላይ እያለ ለአዳራሽ አይመጣም፣ ቢመጣም ልቡ እዚያ ነው። ሰኔ የበጀት መዝጊያ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆኑ የቦርድ አባላትን አያገኙም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ መንገድ ይቆርጣል፤ ነሐሴ 1 ፍልሰታም ይገባል። የሚቀሩዎት ምቹ ጊዜዎች ጥቅምት፣ ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ቀናት፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ግንቦት ናቸው። ወርኃዊ በዓላትንም አይርሱ። ካህን ሰብሳቢ ያለውን ማኅበር በ12 ወይም በ21 ጠርተው «ለምን ዘገየ» ማለት አይቻልም።

በዐቢይ ጾም ማሠልጠን ግድ ከሆነ ሰዓቱን ይለውጡ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀምሮ እስከ 7 ሰዓት ያለ ምሳ ይሠራ፤ የጾም ምግቡ ከዚያ በኋላ ይቅረብ። በስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ ማቅረብ የሚጾመው ሰው ምግቡ እንዲያመልጠው ማድረግ ነው። በፍስክ ጊዜም ረቡዕና ዓርብ የሚያርፍ ሥልጠና ከሆነ ለሆቴሉ የጾም ምግብ መሆኑን በጽሑፍ ይስጡ፤ በቃል የተነገረ ነገር ወጥ ቤት ሳይደርስ ይቀራል።

ቦታውን በተመለከተ ጎጃምን አንድ ቦታ አድርገው አያስቡት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በእንጅባራ ያልፋል፤ ሌላው ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸናና በሞጣ ይሄዳል። የደምበጫና የቡሬ ማኅበራትን ደብረ ማርቆስ ላይ መሰብሰብ ቀላል ነው። የሞጣን ሰው ግን እዚያው ደብረ ማርቆስ ከመጥራት ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ለብቻ አነስ ያለ ዙር ማካሄድ ይሻላል። ማኅበራቱን በዞን ክልል ከመመደብ ይልቅ በመንገድ ይመድቧቸው።

ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት ሌላ ሸክም ጨምሯል። መንገድ በድንገት ይዘጋል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የቆየባቸው ወቅቶችም ነበሩ። ስለዚህ ሁሉም ሰነድ አስቀድሞ በወረቀት ይታተም፤ በቴሌግራም እንልካለን ብለው ምንም ነገር አይተዉ። ተለዋጭ ቀን በጥሪው ደብዳቤ ላይ ይጻፍ። ከሆቴሉ ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ሥልጠናው በመንገድ መዘጋት ቢተላለፍ ቀብዱ ለተለዋጩ ቀን እንደሚያዝ የሚገልጽ አንቀጽ ይግባ። ሠልጣኞች ከጨለማ በፊት ቤታቸው ወይም ማረፊያቸው እንዲደርሱ መዝጊያውን ከ9 ሰዓት አያሳልፉ። ይህ በተለይ ገንዘብ ያዥ ለሆኑ ሴቶች ትልቅ ነገር ነው፤ አመሻሽ ላይ የሚያበቃ መርሐ ግብር ሳይናገር እነርሱን ያስቀራል።

5. አበል

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ከሌላ ከተማ ለመጣ ሰው መጓጓዣውና መኝታው ይከፈል፤ ምሳና ሻይ ለሁሉም ይቅረብ፤ ለከተማው ነዋሪ የውሎ አበል አይከፈል። ይህን ከመጀመሪያው በደብዳቤው ላይ ከጻፉት ማንም አይቀየምም፤ አዳራሽ ከገቡ በኋላ ከተነገረ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ወሬ አይኖርም። ለአበል ብቻ የሚመጣ ሰው ከቀረም ወንበሩ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ይተርፋል።

ከአበሉ የተረፈውን ለሁለት ነገር ያውሉት፦ ለሕትመትና ለክትትል ጉዞ። የክትትሉ ነዳጅ ከመጀመሪያው በጀት ካልተያዘለት ክትትል የሚባል ነገር አይኖርም።

6. አሠልጣኙን በቢጋር ይያዙት

የሚፈልጉት ሰው የማኅበር ሒሳብ ኦዲት ያደረገ ወይም ራሱ ቦርድ ውስጥ ተቀምጦ የሠራ መሆን አለበት። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ አያያዝና የሕግ መምህራን አሉ፤ በየከተማው ደግሞ የተፈቀደላቸው የሒሳብ አዋቂዎችና ጡረታ የወጡ የፋይናንስ ባለሙያዎች አይጠፉም። ከሩቅ ከሚመጣ ስመ ጥር ተናጋሪ ይልቅ ከሦስት ወር በኋላም ስልክ የሚያነሣ የአካባቢ ሰው ይመረጣል።

ቢጋሩ፣ ማለትም የሥራውን ዝርዝር የሚወስነው ሰነድ፣ ላይ ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፉ። አሠልጣኙ ከሥልጠናው በፊት የማኅበራቱን የአንድ ገጽ ማስታወሻዎች ያነባል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ20 ደቂቃ በላይ ገለጻ አያደርግም፤ ክፍያው በሁለት ተከፍሎ ሁለተኛው ከክትትሉ በኋላ ይፈጸማል። የመጨረሻው ነጥብ ላይ የሚያንገራግር አሠልጣኝ ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

7. የመጀመሪያው ዙር፦ ሁለት ቀን

ሥልጠናው በጠቅላላው አራት ቀን ነው፤ ቀናቱን ግን አያያይዟቸው። ሁለት ቀን ሠልጥነው፣ ሦስት ወይም አራት ሳምንት በቢሯቸው ሠርተው፣ ለሁለተኛ ሁለት ቀን ይመለሱ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በቃለ ጉባኤ ይጀመር። ስሙ ተሸፍኖ የተባዛ አንድ እውነተኛ ቃለ ጉባኤ ለሁሉም ይታደል። ያ «ሰፊ ውይይት ተደርጎ» የሚለው ቢሆን ይመረጣል። ሠልጣኞቹ ባለ ሦስት ሰው ቡድናቸው ውስጥ ሆነው አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ በዚያ ስብሰባ ያልተገኘ አዲስ የቦርድ አባል ይህን አንብቦ ምን መሥራት እንዳለበት ያውቃል? መልሱ ሁልጊዜ «አያውቅም» ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን የመጨረሻ ቃለ ጉባኤ አውጥቶ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ለአንድ ውሳኔ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የተገኙት ቁጥርና ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ፣ የተወሰነው ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ የሚፈጽመው ሰው፣ የሚፈጸምበት ቀን፣ ገንዘብ ካለው መጠኑና የሚወጣበት የበጀት ርእስ፣ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ካለ ሐሳቡ። ምሳሌ፦ «ከ7 የቦርድ አባላት 5 ተገኝተዋል። የቢሮው ኪራይ ውል ለአንድ ዓመት በወር 6,000 ብር እንዲታደስ ተወስኗል። ሥራ አስኪያጁ እስከ ጥር 25 ይፈርማል። ወጪው ከአስተዳደር በጀት ይሆናል።» ከግማሽ ገጽ ያማረ አማርኛ ይህ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ የውሳኔ ካርዶች ይመጣሉ። በትንንሽ ወረቀት ላይ 15 ያህል ጉዳዮች ይጻፉ፦ ሒሳብ ሹም መቅጠር፣ የ5,000 ብር ወንበር መግዛት፣ የባንክ ፈራሚ መለወጥ፣ የአባላት መዋጮ ማሳደግ፣ ደንብ ማሻሻል፣ ለሠራተኛ የዓመት ዕረፍት መፍቀድ፣ ከለጋሽ ጋር ውል መፈራረም፣ የውጭ ኦዲተር መሰየም፣ ለወረዳው ደብዳቤ መጻፍ እና የመሳሰሉት። አሁን ሰዎቹን በማኅበር ሳይሆን በኃላፊነት ይክፈሏቸው። ሰብሳቢዎች ለብቻ፣ ሥራ አስኪያጆች ለብቻ፣ ገንዘብ ያዦች ለብቻ ሆነው ካርዶቹን በሦስት ይደልድሉ፦ የጠቅላላ ጉባኤ፣ የቦርድ፣ የሥራ አስኪያጅ። ውጤቱን በሦስት ፍሊፕ ቻርት ጎን ለጎን ይለጥፉት።

እዚህ ላይ አዳራሹ ይሞቃል። ሰብሳቢዎቹ የወንበሩን ግዢና የወረዳውን ደብዳቤ ለቦርድ ወስደዋቸው ይገኛሉ፤ ሥራ አስኪያጆቹ ደግሞ የቅጥሩንና የለጋሹን ውል ለራሳቸው። ማንም በስሙ ስላልተወቀሰ ሰው ይስቃል፤ ለአባቱ ያህል ለሚያከብረው ሰብሳቢ በቀጥታ ሊናገር የማይደፍረውን ነገር ወረቀቱ ይናገርለታል። ከሳቁ በኋላ ሦስቱም ወደየማኅበራቸው ተመልሰው የራሳቸውን ደንብ ይክፈቱና ካርድ በካርድ ያመሳክሩ። ደንቡ ዝም ያለባቸው ካርዶች ለብቻ ይቀመጡ፤ ለሚቀጥለው የቦርድ ስብሰባ አጀንዳ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው። አሠልጣኙ በዚህ ሰዓት ትክክለኛ መልስ ለመስጠት አይቸኩል። በማኅበርነት የተቋቋመ ድርጅት የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ በቦርድ የሚመራ ድርጅት ግን ቦርዱ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ማኅበር ትክክል ለሌላው ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቀን ለገንዘብ ነው። ጠዋት ባንክ ማስታረቅ፤ ለመለማመጃ ትንሽ ቁጥር ይበቃል። የማኅበሩ መዝገብ ቀሪ 86,450 ብር ይላል፤ የባንኩ ስቴትመንት 98,150 ብር። ልዩነቱ 11,700 ነው። ሠልጣኞቹ ይፈልጉት። ተጽፎ የተሰጠ ግን ባለመብቱ ባንክ ያላቀረበው የ12,000 ብር ቼክ አለ፤ ባንኩ የቆረጠው መዝገብ ላይ ያልሰፈረ 300 ብር የአገልግሎት ክፍያም አለ። ከባንኩ 12,000 ሲነሣ፣ ከመዝገቡም 300 ሲነሣ ሁለቱም 86,150 ላይ ይገናኛሉ። ይህን አንዴ በእጁ ያደረገ ሰብሳቢ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሹሙን «ማስታረቂያው የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ሰብሳቢዎቹን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምናስቀምጣቸውም ሒሳብ ሹም እንዲሆኑ ሳይሆን ይህችን ጥያቄ በየወሩ እንዲጠይቁ ነው። ወዲያው ሁሉም በራሱ ስቴትመንትና መዝገብ ላይ ይሥራ። አንዳንዱ ልዩነቱን ሳያገኘው ቀኑ ይመሻል። ያ የቤት ሥራው ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የ20 በመቶው ስሌት። ዓመታዊ ገቢው 1,200,000 ብር የሆነ ማኅበር በጣሪያው መሠረት ለአስተዳደር ማውጣት የሚችለው 240,000 ነው። የቢሮ ኪራይ በወር 6,000፣ በዓመት 72,000። በወር 9,000 የሚከፈለው አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ 108,000። የኦዲት ክፍያ 30,000። መብራት፣ ኢንተርኔትና የባንክ አገልግሎት 14,000። ድምሩ 224,000፤ «16,000 ተረፈን» ይላሉ። ቆይተው ይጠይቋቸው፦ አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣውስ? የሠራተኛው 7 በመቶ ከደመወዙ ይቆረጣል፤ የአሠሪው 11 በመቶ ግን ተጨማሪ ወጪ ነው፤ በወር 990፣ በዓመት 11,880። የተረፈው 4,120 ብቻ ሆነ። አሁን ደግሞ ግብር ዘግይቶ በመከፈሉ የ5,000 ብር ቅጣት መጣ እንበል። ቅጣትም፣ የጠበቃ ክፍያም፣ የኦዲት ክፍያም በአዋጁ የአስተዳደር ወጪ ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ናቸው። ማኅበሩ ጣሪያውን በ880 ብር አለፈ። ይህን ቁጥር ያየ መሪ ሰነድ በወቅቱ ማስገባት ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ስብከት አያስፈልገውም።

በክልሉ የተመዘገቡት ይህን ልምምድ የሚሠሩት በክልሉ በተደነገገላቸው መሠረት መሆኑን ይንገሯቸው፤ ስሌቱ ያው ነው፣ ጣሪያው ግን ከመዝጋቢው ይጣራ።

8. የመካከሉ ሳምንታትና ሁለተኛው ዙር

ሠልጣኞቹ ይዘው የሚሄዱት የቤት ሥራ ሦስት ነው፦ በአዲሱ አጻጻፍ የተያዘ አንድ ቃለ ጉባኤ፣ የታረቀ የአንድ ወር ሒሳብ፣ እና ደንቡ ዝም ባለባቸው ካርዶች ላይ የተደረገ የቦርድ ውይይት። አሠልጣኙ በመካከሉ አንዴ በስልክ ይደውልላቸው። የሚደወለው ለገንዘብ ያዡ ይሁን፤ ሥራው የት እንደቆመ በትክክል የሚያውቀው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ዙር የመጀመሪያ ቀን ያንን ሥራ በማረም ያልፋል። አንዱ ማኅበር የሌላውን ይረም፤ የፍኖተ ሰላሙ የቡሬውን፣ የቡሬው የደምበጫውን። የውጭ ሰው ከሚሰጠው አስተያየት ይልቅ በተመሳሳይ ችግር ውስጥ ያለ ጎረቤት የሚሰጠው ይደመጣል፤ ፉክክርም አይጠፋም። የመጨረሻው ቀን ለሪፖርት ነው። በፌዴራል የተመዘገቡት የበጀት ዓመታቸው ባለቀ በ3 ወር ውስጥ የሥራ ክንውንና የሒሳብ ሪፖርታቸውን ማቅረብ አለባቸው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ማኅበር ጊዜው ከመስከረም ማብቂያ ጋር አብሮ ያልቃል። ቀኑን ከፊት ወደ ኋላ እየቆጠሩ ኦዲተሩ መቼ መሰየም እንዳለበት፣ ሰነዱ መቼ መጠናቀቅ እንዳለበት በየራሳቸው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያስፍሩ። ዝናቡና ፍልሰታው፣ ዘመን መለወጫውና መስቀሉ የሚወርዱት በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ሐምሌ ላይ ያልጀመረ ማኅበር አይደርስም።

9. ክትትልና ምስክር ወረቀት

ምስክር ወረቀቱን በመጨረሻው ቀን አይስጡ። ሁለተኛው ዙር ባለቀ በሦስተኛው ወር አንድ ሰው ወደየማኅበሩ ይሂድና በመጀመሪያ የታዩትን አራት ወረቀቶች እንደገና ይይ። የሚመልሰው ጥያቄ አጭር ነው፦ የመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ውሳኔ፣ ፈጻሚና ቀን አለው? ያለፈው ወር ሒሳብ ታርቋል፣ ሰብሳቢውስ ፈርሞበታል? ደንቡ ቢሮው ውስጥ ይገኛል? የሪፖርት ቀኑ ተሰቅሏል? አራቱንም ላሟላ ማኅበር ምስክር ወረቀቱ በማኅበሩ ስም፣ ከሦስቱም ሠልጣኞች ስም ጋር እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ አባላት ባሉበት ይሰጠዋል። ያላሟላው ሌላ ሁለት ወር ይሰጠው።

የሠለጠነ ሰብሳቢ የሥራ ዘመኑ ሲያበቃ ይወርዳል፤ ሥራ አስኪያጅም የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይለቃል። ስለዚህ የክትትሉ ጎብኚ ከመመለሱ በፊት አንድ የርክክብ ዝርዝር ከማኅበሩ ጋር አዘጋጅቶ በፋይሉ ውስጥ ያስቀምጥ፦ የምዝገባ ሰርተፊኬቱ፣ ደንቡ፣ ማኅተሙ፣ የቼክ ደብተሩና የመጨረሻው ቅጠል ቁጥር፣ የቃለ ጉባኤ መዝገቦቹ፣ የቋሚ ንብረት ዝርዝሩ፣ ከለጋሾች ጋር የተፈረሙት ውሎች፣ የኮምፒውተሩና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ፈራሚዎች ስም። ከጎኑ «አስረካቢ»፣ «ተረካቢ»፣ «ታዛቢ» የሚል የፊርማ ቦታ ይኑር። በተለይ የባንክ ፈራሚ ለውጥ ቃለ ጉባኤ፣ ደብዳቤና የአዲሶቹ ፈራሚዎች በአካል መቅረብ ስለሚጠይቅ የቀድሞው ሰብሳቢ ከተማውን ከመልቀቁ በፊት መጠናቀቅ አለበት።